ጋሽ ሳጥኑ ሰላም ካልተባሉ አይነሱም

ሰኞ፣ ጥር 6

ጠዋት ወደ እህቶቼ ጥልፍ ቤት ሄድኩ። ሥራ ኖሮኝ አይደለም። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ቤት ውስጥ ስዞር ለራሴም የቤት ዕቃ እየመሰልኩ ስለመጣሁ ነው።

እታለም፣ ታላቃችን፣ የጥልፍ መኪናው ጋ ተቀምጣለች። ሚጢጢ፣ ታናሻችን፣ ኮምፒውተሩ ጋ። ሚጢጢ አሁን መነጽር አድርጋለች፣ ሽበትም ጀማምሯታል... ስሙ ግን አለቀቃትም። ኮምፒውተሩን «ጋሽ ሳጥኑ» ያልኩት እኔ ነኝ። ዕድሜ ጠገብ ስለሆነ አንተ ማለት ይከብዳል።

«ለእህትህ ንገራት፣ ነጩ ክር አልቋል» አለችኝ እታለም። እህቴ የተባለችው እጇን ብትዘረጋ ትነካታለች።

«ነጩ ክር አልቋል» አልኳት።

«ለእህትህ ንገራት፣ መሳቢያው ውስጥ አለ።»

ወደ እታለም ዞርኩ። «መሳቢያ አጠገብሽ እያለ ዓይንሽን የት ጥለሽው ነው ብላሻለች።»

«እንደዚያ አላልኩም!» ሚጢጢ ጮኸች።

«ለማን ነው የምትናገሪው? ለእኔ ወይስ ለእሷ?»

ወደ ስክሪኑ ዞረች።

ኩርፊያው የመጣው በሰማያዊ ክር ነው። ለኳስ ቡድን የጠለፉት ዓርማ በተሳሳተ ሰማያዊ ተሠርቶ ማሊያው ሁሉ ተመለሰ። ክሩን ያስገባሽው አንቺ ነሽ፣ የመረጥሽው አንቺ ነሽ... ከዚያ ወዲህ እኔ ነኝ ስልካቸው። የተስማሙት በአንድ ነገር ብቻ ነው፦ ጋሽ ሳጥኑ የሞቱ ቀን ሊለያዩ። የጥልፍ መኪናው ገመድ ከአዲስ ኮምፒውተር ጋር አይገጥምም፤ አዲስ መኪና አብረው መግዛት ደግሞ ሁለቱም አይፈልጉም። ሚጢጢን ሌላ ከተማ ያለ ትልቅ ፋብሪካ ይፈልጋታል። እታለም በሩን ቆልፌ ልጄ ጋ እገባለሁ ትላለች።

እኔስ? የት ሄጄ ማንን ላበሽቅ?

ረቡዕ፣ ጥር 8

ተጠራሁ። ጋሽ ሳጥኑ «ጲጥ... ጲጥ... ጲጥ» እያሉ ይጮኻሉ፣ ስክሪኑ ጥቁር ነው። ሚጢጢ ግድግዳው ላይ፣ ሚስማሩ ላይ የተሰቀለውን የራሷን መቀስ አየችው። ስታየው አየኋት፤ የምትሄድ ቀን ይዛው የምትወጣው እሱን ነው።

ጩኸቱን አውቀዋለሁ። ሚሞሪው ነው። ኮምፒውተር ማንም አላስተማረኝም፣ እየፈታሁ ነው የተማርኩት። አንዳንዴ መልሶ መግጠም ያቅተኛል። ያም ትምህርት ነው።

ሶኬቱን ነቀልኩ፣ የጎን ክዳኑን ፈታሁ። አቧራው! የክር ብናኝ፣ ጨርቅ፣ አንድ ቁልፍ... የሸሚዝ ቁልፍ! እንዴት ገባ?

«ላጲስ አምጡ።»

«ምን ልትጽፍ ነው?» አለች እታለም።

የሚሞሪውን የወርቅ ጥርሶች ቀስ እያልኩ በላጲስ አሸሁ። ጠረግኩ። እታለም እፍ ልበልበት ብላ ጎንበስ ስትል፣ ምራቅሽን ለራስሽ አልኳት። ግራና ቀኙ ቀጭ እስኪል ወደ ቦታው ተጫንኩት። ተነሳ።

ሰዓቱ ግን ብዙ ዓመት ወደ ኋላ ሄዷል። ሰዓቱን የምትይዘው ክቧ ትንሽ ባትሪ አልቃለች። «ጋሽ ሳጥኑ ባሉበት ዓመት እናንተ ገና አልተኳረፋችሁም» አልኩ። ማንም አልሳቀም። ባትሪዋን ቀየርኩ። ጥሩ ቀልድ ባከነ።

ሰኞ፣ ጥር 13

ዛሬ ጭራሽ እምቢ። ቁልፉን ስጫን ማራገቢያው አንዴ ውዝውዝ አለና ቆመ። የግድግዳውን ሶኬት ጠረጠርኩ፣ መብራት ሰካሁበት፣ በራ። ገመዱን ጠረጠርኩ፣ የስክሪኑን ገመድ አምጥቼ ሰካሁ፣ ያው። ላጲስ... ያው። ወለሉ ላይ ተንበርክኬ ላቤ ጠብ ይላል።

«ጋሼ፣ ምን ሆኖ ነው?» አለች ሚጢጢ።

አላውቅም ማለት ለእኔ ሞት ነው። «አኩርፈዋል» አልኩ።

«ማን?»

«ጋሽ ሳጥኑ ናቸዋ። እዚህ ቤት ሰላም የሚላቸው የለም። ኩርፊያ ደግሞ ይጋባል። ከእናንተ ነው የያዛቸው።»

እታለም ፊቷን አዞረች። ሚጢጢ ልታሾፍብኝ ተነስታ ሳጥኑ ፊት እጅ ነሳች። «እንዴት አደሩ ጋሽ ሳጥኑ? ደህና ነዎት? ቤተሰብ ደህና? ማራገቢያዎ ደህና? ገመድዎ ደህና? ማውስዎ አደገ? ኪቦርድዎስ ጥርሱ ሁሉ አለ?» አልጨርስ አለች። የእታለም ጀርባ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። እየሳቀች ነበር!

በመጨረሻ ሚጢጢ ቁልፉን ተጫነች። ተነሳ።

ሦስታችንም አፋችንን ከፍተን ቀረን። እኔ ግን ቶሎ ዘጋሁት። «አላልኳችሁም?» አልኩ።

ማክሰኞ፣ ጥር 14

እንዴት ተነሳ? ሲያብሰለስለኝ አደረ። የመጠባበቂያ ቁልፍ ስላለኝ ከእነሱ ቀድሜ ገባሁ።

እታለም ማታ ከመውጣቷ በፊት ያገኘችውን ሶኬት ሁሉ ትነቅላለች፣ መብራት ሁሉ ታጠፋለች። ካውያ፣ አምፖል፣ ጋሽ ሳጥኑ... ለማንም አታዳላም። ሳጥኑን ሰክቼ ወዲያው ተጫንኩ። እምቢ። ሰክቼ ወጣሁና ደጃፉ ላይ ከጫማ ጠጋኙ ጋር ስለ አየሩ፣ ስለ ጎረቤቱ፣ ስለ ማንም አወራሁ። ተመልሼ ተጫንኩ። ተነሳ!

ተገኘ። ፓወር ሰፕላዩ፣ ለሳጥኑ ኤሌክትሪክ የሚያድለው ክፍል፣ አርጅቷል። ሌሊቱን ያለ ኤሌክትሪክ ካደረ ጠዋት ትንሽ ፉት ሳይል አይነሳም። የሠራው ሰላምታው ሳይሆን ሰላምታው የፈጀው ጊዜ ነው። ለጊዜው ማታ ሶኬቱን አለመንቀል ይበቃል።

ተናገርኩ? አልተናገርኩም።

ሲመጡ ሕግ አወጣሁ። አንዷ ሰክታ ሰላም ትላለች፣ ሌላዋ በጋሽ ሳጥኑ ፈንታ ትመልሳለች። መልስ የሌለው ሰላምታ ስድብ ነው። አጭር ሰላምታም አይወዱም።

«ይሄ ሰውዬ አብዷል» አለች እታለም... ለሚጢጢ! በቀጥታ! ወዲያው ትዝ ሲላት ወደ እኔ ዞረች። «ለእህትህ ንገራት፣ አብደሃል።»

ሐሙስ፣ ጥር 16

ሰላም ባይ ሚጢጢ። ጋሽ ሳጥኑ እታለም።

«እንዴት አደሩ?»

«ይመስገን» አለች እታለም ግድግዳውን እያየች።

«አጭር ነው፣ አይነሱም» አልኩ።

«ወገብዎስ እንዴት ነው?» አለች ሚጢጢ።

«ወገቤማ የወንበሬን ትራስ የወሰደችብኝ እያለች ምን ይሻለዋል?»

«ትራሱ የማን ሆነና? ... ዓይንዎስ?»

«ዓይኔ ደህና ነው። ሰማያዊ ከሰማያዊ ይለያል።»

ሚጢጢ ከንፈሯን ነክሳ ቁልፉን በጡጫ መታችው። ተነሳ። ጋሽ ሳጥኑ ስድብም ይቆጥራሉ ማለት ነው... ዋናው መርዘሙ ነው።

ዓርብ፣ ጥር 17

ትራሱ የእታለም ወንበር ላይ ተመልሷል። «ለጋሽ ሳጥኑ ወገብ ነው» አለች ሚጢጢ።

ዓርብ፣ ጥር 24

ሰላምታው ሙሉ ነበር። ከወገብ እስከ ጉልበት፣ ከማራገቢያ እስከ ገመድ። አልተነሱም። ደገሙት። ማራገቢያው እንኳ አልተወዛወዘም።

በእጅ ባትሪ እያበራሁ ከኋላ ባለው ወንፊት ቀዳዳ የፓወር ሰፕላዩን ሆድ አየሁ። ካፓሲተሮቹ፣ ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅሙት ትንንሽ ቆርቆሮዎች፣ አናታቸው አብጧል፣ አንዱ ቡናማ ነገር አንጠባጥቧል። አለቀ። ማወቅ ነበረብኝ። እያወቅኩም ስቀልድ ነው የከረምኩት።

መኪናው ላይ የሆቴል ፎጣ በግማሽ ተጠልፎ ቀርቷል። ሚጢጢ ምንም ሳትል መቀሷን ከሚስማሩ አውርዳ በጨርቅ ጠቀለለች። «ለእህትህ ንገራት...» አለች እታለም። አልጨረሰችውም። ምን እንድነግራት ነበር የፈለገችው?

«እስከ ሰኞ ስጡኝ» አልኩ። ሳልቀልድ። ሳልቀልድ ሲያዩኝ ከሳጥኑ ይልቅ በእኔ ደነገጡ።

እሑድ፣ ጥር 26

ለእታለም ልጅ ደውዬ ነበር። መሥሪያ ቤቷ ውስጥ ተበላሽቶ ከተጣለ ኮምፒውተር ፓወር ሰፕላዩን አስፈቅዳ ይዛልኝ መጣች። ጥልፍ ቤቱን ከፍተን ገባን። ባትሪ የያዘች እሷ፣ ወለል ላይ የተኛሁ እኔ።

«አጎቴ፣ አሮጌውን ከፍተህ ለምን አትጠግነውም?»

«እሱ ሶኬቱ ተነቅሎም ይነክሳል። እኔን አንዴ ነክሶኛል፣ ይበቃናል።»

አሮጌውን እንደታሸገ አወጣሁ፣ አዲሱን ገጠምኩ። ተጫንኩ። ማራገቢያው ዞረ! ስክሪኑ... ጥቁር። ጠበቅኩ። ጥቁር። ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ባዶዋ ሚስማር ፊት ለፊቴ ናት።

«አጎቴ» አለች፣ «ይቺ ባለ አራት ቀዳዳ መሰኪያ የማን ናት?»

ወይ ጉድ! ለፕሮሰሰሩ ኤሌክትሪክ የምትሰጠዋን ትንሿን መሰኪያ ረስቻታለሁ። ተንጠልጥላ ታየኛለች።

«ሆን ብዬ ነው። ልፈትንሽ ብዬ።»

«አዎ፣ ላብህም ሆን ብለህ ያመጣኸው ነው።»

አጥፍቼ፣ ነቅዬ፣ ሰካኋት። ተጫንኩ። ወዲያው ተነሱ! ያለ ሰላምታ፣ ሳይሞቁ፣ እንደ ጎረምሳ። መኪናውንም ሞከርን። መርፌው ካቆመበት ቀጠለ። የእህቴን ልጅ ጭንቅላቷን ሳምኳት።

«ነገ እውነቱን ትነግራቸዋለህ» አለች።

«የቱን እውነት?»

«አጎቴ!»

«እነግራቸዋለሁ... ሲታረቁ።»

ሰኞ፣ ጥር 27

«ጋሽ ሳጥኑ ከባድ ሕክምና አድርገዋል» አልኳቸው። «የታመመ ሰው ደግሞ ሰላምታ ይበዛለታል እንጂ አይቀነስበትም።»

ሰላም አሏቸው። ተነሱ። ሚጢጢ ማንም ያላያት መስሏት መቀሷን ሚስማሩ ላይ ሰቀለች። እኔ ኮርኒሱን እያየሁ ነበር... በአንድ ዓይኔ።

ሰኞ፣ የካቲት 4

ዛሬ ሰላም ባይ እታለም ነበረች፣ ጋሽ ሳጥኑ ሚጢጢ። እኔ በር ላይ።

«ጉልበትዎስ?»

«ይመስገን፣ ደረጃ ብቻ ነው።»

«ዓይንዎስ?»

ሚጢጢ መነጽሯን አውልቃ ጠረገችው።

«ዓይኔ... ማታ ማታ ሰማያዊው ሁሉ አንድ ይሆንብኛል። ያን ቀን ክሩን ሳስገባ ጨልሞ ነበር። መብራቱ ሲጠፋ እስኪነጋ መጠበቅ ነበረብኝ።»

የእታለም እጅ ሶኬቱ ላይ ቀረ። ወዲያው ማሾፌን ልጀምር አፌን ከፍቼ ነበር። እንኳን ዘጋሁት።

«መብራቱንማ ያጠፋሁት እኔ ነኝ» አለች። «ገና እየሠራሽ ነበር። ለምጄ... እየወጣሁ አጠፋሁብሽ።»

«አንቺ ነሽ?»

«እኔ ነኝ።»

«እኔ እኮ አምፖሉ የተቃጠለ መስሎኝ...»

ሳጥኑን የተጫነው የለም። ረሱት። እኔም ወጣሁ። ጫማ ጠጋኙ ዓይንህን ምን ነካው ሲለኝ፣ የክር ብናኝ ነው አልኩት።

ሐሙስ፣ የካቲት 7

ሚጢጢ ደጅ ጠራችኝ። «ጋሼ፣ ለእታለም እንዳትነግራት። ሳጥኑ ሰላም ሳይባልም ይነሳል። እሷ ሳትኖር ሞክሬው ነበር። ግን ሰላምታውን ስለወደደችው ዝም ብዬ ነው።»

ከሰዓት በኋላ እታለም ጓዳ ጠራችኝ። «አንተ ልጅ፣ ለሚጢጢ እንዳትነግራት። ያ ሳጥን እኮ ዝም ብሎ ይነሳል። ግን ሰላምታውን ስለወደደችው...»

ለሁለቱም ማልኩ። ለአንድ ሰው ይሄን ያህል ደስታ ይገባል? ብቻዬን አልቻልኩትም፣ ለእህቴ ልጅ ደውዬ ነገርኳት። ሳቀች። አሳሳቋ ግን አላማረኝም...

ሰኞ፣ የካቲት 11

«እንዴት አደራችሁ?» ብዬ ገባሁ። ዝም።

መብራቱ በርቷል። ጋሽ ሳጥኑ ቀድመው ተነስተው ያጉረመርማሉ። የአሮጌው ፓወር ሰፕላይ ሬሳ ጠረጴዛው መሃል ተቀምጧል። ከመደርደሪያው ጀርባ ደብቄው ነበር። ተሸጥኩ። ልጅቷ ሸጠችኝ!

«ሚጢጢ» አለች እታለም፣ «ለወንድምሽ ንገሪው፣ ጫማውን ይጥረግ።»

«እታለም ጫማህን ጥረግ ብላለች» አለች ሚጢጢ።

ጠረግኩ። «እታለም፣ እኔ እኮ...»

«ለወንድምሽ ንገሪው፣ ማታ ሶኬት አለመንቀል ብቻ ይበቃ ከነበረ ያኔ አፍ አልነበረውም ወይ?»

«አፍ አልነበረህም ወይ ብላለች። እኔ ደግሞ አፍ ብቻ ነው ያለው ብያለሁ።»

«እንደዚያ አላልሽም!» አልኩ።

«አሁን አልኩ።»

«ለእታለም ንገሪያት» አልኩ፣ «ሰላምታው ግን ሠርቷል።»

«ሠርቷል ይላል።»

«ማን ጠየቀው በይው።» ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል። ሚጢጢ ክር እንደሚፈልግ ሰው መሳቢያው ውስጥ ተደፍታለች።

እንግዲህ ማንን ላነጋግር? ሄጄ ጋሽ ሳጥኑ ፊት እጅ ነሳሁ። «እንዴት አደሩ ጋሽ ሳጥኑ? ደህና ነዎት? እነዚህ ሴቶች ምን ሆነው ነው?»

ከኋላዬ ሁለቱም በአንድ ድምፅ መለሱ።

«አኩርፈናል ይበሉልን!»