በስሜ ስለወጣው የውሃ ሪፖርት፣ ለትምህርት ክፍላችን ኃላፊ

ይድረስ ለተከበሩ መምህሬ፣ ለሕብረተሰብ ጤና ትምህርት ክፍል ኃላፊ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለእርስዎና ለመላው ቤተሰብዎ ጤና እመኛለሁ። ምኞቴን እንደ ደብዳቤ ወግ እንዳይቆጥሩብኝ እለምናለሁ፤ በእኛ ሰፈር ሰሞኑን ጤና መመኘት የምር ነገር ሆኗል። እኔ የአራተኛ ዓመት ተማሪዎ ነኝ፤ የፊት ወንበር ላይ ተቀምጬ ከአፍዎ የወጣውን ሁሉ፣ ሳልዎ ብቻ ሲቀር፣ ደብተሬ ላይ አሰፍር የነበርኩት። ምስጋናዬን በአካል ላቀርብ ቢሮዎን አራት ጊዜ አንኳኩቼ አራቱንም ጊዜ «ስብሰባ ላይ ናቸው» ስለተባልኩ፣ በቁጥር ለይቼ በአደባባይ ለማቅረብ ተገድጃለሁ።

አንደኛ፣ ስለ መጀመሪያው ትምህርትዎ አመሰግናለሁ። ለሕክምና ነጥባችን አልበቃ ብሎ ወደ እርስዎ ክፍል የተመደብን ልጆች አንገታችንን ደፍተን በተቀመጥንበት፣ ሰሌዳው ላይ «ሳይቃጠል በቅጠል» ብለው ጻፉና «ሐኪም አንድ ሰው ያድናል፤ እናንተ ሰፈር ታድናላችሁ» አሉን። ማታ ላሳደገችኝ አክስቴ ነገርኳት፤ አክስቴም ለሰፈሩ አዳረሰችው። ነጭ ጋዋኔን በነፃ የሰፋልኝ ጎረቤታችን ልብስ ሰፊው ብቻ ነገሩ አልዋጥለት ብሎ፣ «ዶክተር፣ መርፌ አትወጊ፣ መድኃኒት አታዢ፤ ሥራሽ ታዲያ ምንድን ነው?» አለኝ። «ሰው እንዳይታመም ማድረግ» ብዬ መለስኩለት። ሜትሩን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ከት ብሎ ሳቀ። «ወይ ልፋት! ያልታመመ ሰው ማንን ያመሰግናል?»

ሁለተኛ፣ የመመረቂያ ጥናቴን በራሴ ሰፈር የመጠጥ ውሃ ላይ እንድሠራ ስለፈቀዱልኝ አመሰግናለሁ። ሦስት ወር ሙሉ የጠርሙስ ሣጥን ተሸክሜ ከቦኖ ቦኖ፣ ከጓሮ ጓሮ ዞርኩ። ከሃያ አራቱ ናሙናዎች በአሥራ ሰባቱ ውስጥ ከሰገራ የሚመጣ ባክቴሪያ ተገኘ። ከዳቦ ቤቱ ጀርባም የፍሳሽ ቱቦ ተሰንጥቆ የውሃው መስመር ላይ ሲንጠባጠብ አይቼ ፎቶ አነሳሁ። ውጤቱን ሳሳይዎ ከወንበርዎ ተነሥተው «ጎበዝ ልጄ!» አሉኝ፤ ቀጥለውም በሩን ዘጉና «ብቻ ለማንም ትንፍሽ እንዳትይ። ሕዝብ ይደነግጣል። ከውሃ ቢሮው ጋር እኔ እነጋገራለሁ፤ አንድ ሳምንት ስጪኝ» አሉ። አባቴን የማላውቅ ልጅ ነኝና፣ «ልጄ» ላለኝ ሰው ሳምንት ቀርቶ ዓመትም እሰጥ ነበር።

ሦስተኛ፣ ስለ ዝምታ ሥልጠናው። ሳምንቱ አምስት ሳምንት ሆነ። እኔም እንዳዘዙኝ ዝም አልኩ፤ ቤታችን ግን ውሃ ማፍላት ጀመርኩ። አክስቴ ምክንያቱን ስትጠይቀኝ «ጉሮሮዬን አሞኝ ነው» ብዬ ዋሸኋት። ልብስ ሰፊው ባለፍኩ ባገደምኩ ቁጥር ከማሽኑ ቀና ብሎ «ዶክተር፣ ውሃችን ምን ይላል?» ይለኝ ነበር። «ውጤቱ ገና ነው» እለው ነበር። ውጤቱ ቦርሳዬ ውስጥ ነበር፣ ክቡር ሆይ። ይህን የምጽፈው እርስዎን ብቻ ለመክሰስ እንዳልሆነ እንዲረዱልኝ ነው።

አራተኛ፣ በስድስተኛው ሳምንት ለተግባር ልምምድ ወደ ሌላ ከተማ ስለላኩኝ አመሰግናለሁ። «ዕድል ነው፣ አያምልጥሽ» ብለውኝ ነበር፤ ለማን ዕድል እንደሆነ አልጠየቅሁም። አክስቴንም ምክንያቱን ሳልነግራት «ውሃውን እያፈላሽ ጠጪ» ብዬ ደጋግሜ አስጠንቅቄያት ሄድኩ። በሄድኩ በአሥራ ሁለተኛው ቀን አክስቴ ስልክ ደወለችና በደከመ ድምፅ «ሰፈሩ አልቋል፣ ነይ» አለችኝ። ስደርስ ጤና ጣቢያው በአጣዳፊ ተቅማጥ በሽተኞች ሞልቷል፤ ነርሷ መስቀያ አልቆባት ግሉኮሱን በመስኮት ብረት ላይ ታንጠለጥላለች። አክስቴ ወለል ላይ ፍራሽ ደርሷት ተኝታለች። «ስንት ጊዜ አፍይው አልኩሽ?» ብዬ ስጮህባት፣ ከንፈሯ ደርቆ እያየችኝ «አንቺው አይደለሽ እንዴ ደህና ነው ያልሽው?» አለችኝ።

ወደ ቦኖው ሮጥኩ። እኔ በሌለሁበት በየቦኖው ግድግዳ ላይ «ውሃው ለመጠጥ ተስማሚ ነው» የሚል፣ የትምህርት ክፍላችንና የውሃ ቢሮው ማኅተም ያለበት ወረቀት ተለጥፎ ነበር። አሥራ ሰባቱ ናሙና ሁለት ሆኗል። ከታች «ጥናቱን ያካሄደችው» ይልና የእኔ ስም ከነአባቴ ስም ተጽፏል። አባቴ እንኳ ያላከበረልኝን ስም እርስዎ አስከበሩልኝ።

አክስቴ ተረፈች። ልብስ ሰፊው ግን በዚያው በሽታ ታሞ፣ እኔ በደረስኩ በሦስተኛው ቀን ጠዋት አረፈ። ሚስቱ ያንን ወረቀት ከሱቁ ግድግዳ ነቅላ አመጣችልኝ፤ ለካ እሱም አንድ ቅጂ ለምኖ ወስዶ ነበር። ሳትጮህ፣ ሳታለቅስ፣ «ስምሽን አይቶ ነው የጠጣው። ለደንበኛው ሁሉ 'የእኛ ልጅ ፈርማበታለች' እያለ ያሳይ ነበር» አለችኝ። ከዚያ ወዲህ ደጇን ሦስት ጊዜ አንኳኳሁ። አልከፈተችልኝም፤ አልፈርድባትም።

አምስተኛውና የመጨረሻው ምስጋናዬ ስለ ዲሲፕሊን ኮሚቴው ነው። እውነተኛውን የላቦራቶሪ ውጤት አባዝቼ፣ ከነርሷ ፕላስተር ተውሼ፣ በየቦኖው በእርስዎ ወረቀት ላይ ደርቤ ለጠፍኩት። በማግስቱ ሰፈሩ ነቅሎ ወጥቶ ውሃ ቢሮው በር ላይ ቆመ፤ በሁለተኛው ቀን ከዳቦ ቤቱ ጀርባ ተቆፍሮ ቱቦው ተቀየረ። ለካስ የሁለት ቀን ሥራ ኖሯል። እኔ ደግሞ «የትምህርት ክፍሉን መልካም ስም በማጉደፍ» ለአንድ ዓመት ታገድኩ። ቅጣቱስ ይሁን። ሰብሳቢው «ተማሪዋን ያውቋታል?» ብሎ ሲጠይቅዎ ግን፣ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ብዕር እያስተካከሉ «በቅርብ አላውቃትም» አሉ። ክቡር ሆይ፣ የልብስ ሰፊው ሚስት ወረቀቱን ስትሰጠኝ ያላለቀስኩት እኔ ያን ጊዜ አለቀስኩ።

ስለዚህ አንዲት ልመና ብቻ አለችኝ፤ ስሜን ከዚያ ሪፖርት ላይ ያንሱልኝ፤ በቦታውም የባለቤቱን ስም ያስገቡ። እስከዚያው ጤና ጣቢያው በር ላይ ቁጭ ብዬ የሚመጣውን በሽተኛ ዕድሜና አድራሻ እመዘግባለሁ። ደመወዝ የለውም፤ ቁጥሩን ግን የሚቀይርብኝ የለም።

ያስተማሩኝን ሁሉ አምኜ ከነበርኩት፣ አሁንም ከወንበሬ ተነሥቼ እጅ እየነሣሁ፣ ከማይጎድል ከበሬታ ጋር፣

በቅርብ የማያውቋት ተማሪዎ

ድኅረ ጽሑፍ፦ የንብረት ክፍል ሠራተኛዋ አንድ ወረቀት አሳይታኝ ነበር። ለመምህራን ክፍልና ለእርስዎ ቢሮ የታሸገ ውሃ በየሳምንቱ እንዲቀርብ የሚያዝ፣ በእጅዎ የተፈረመ ማዘዣ ነው። ቀኑን አየሁት፤ ውጤቴን ባስረከብኩዎት ማግስት ነው። ያን ቀን ጠዋት እኔን ባያምኑኝ ኖሮ ምነኛ በተጽናናሁ።