ከአባታቸው በላይ ላለው ያልመሰከሩት የአቶ ሺንጋይ ቴሩኖሪ የሕይወት ታሪክ

አቶ ሺንጋይ ቴሩኖሪ ከአባታቸው ከአቶ ሺንጋይ ሙኔካትሱ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ኢሶ በኪዩሹ ደሴት፣ በኡሱኪ ከተማ፣ በሾዋ ዘመን በ13ኛው ዓመት (እ.ኤ.አ. 1938) ተወለዱ። ከአምስት ዓመታቸው ጀምሮ የቤተሰቡን የሰይፍ ጥበብ ከአባታቸው እየተማሩ አደጉ። ሁለተኛ ደረጃን እንዳጠናቀቁም በመሬት ቀያሽነት ለሠላሳ ስምንት ዓመት አገለገሉ። የድንበር ድንጋይ ሰው የነካካው ከመሰላቸው ሳይለኩ አያልፉም ነበር። በ1965 ከወይዘሮ ፉሳኤ ጋር ትዳር መሥርተው ናሪካዙንና ሚትሱኤን አፍርተዋል።

በ1971 አባታቸው ሲያርፉ የቤተሰቡን የሰይፍ ትምህርት ቤት ጥቅልል ተረከቡ። በጥቅልሉ ላይ መምህራኑ ሁሉ በየተራ ተጽፈዋል፤ ተረካቢውም ከስሙ ሥር በደም አሻራው ይምላል። የቤተሰቡ መሥራች በኬይቾ ዘመን በአንደኛው ዓመት (እ.ኤ.አ. 1596)፣ በሦስተኛው ወር፣ ካጂኪ ለሚባለው ሌላ የሰይፍ ትምህርት ቤት መሥራች የማስተማር ፈቃድ እንደሰጡም ተጽፎበታል። ካጂኪዎች ይህን ስላልተቀበሉ ሁለቱ ትምህርት ቤቶች ተኳርፈው ኖረዋል።

በ1998 ባሕር ማዶ የጥንት ጽሑፍ ስታጠና የቆየችው የወንድማቸው ልጅ ቺሳኤ ተመለሰች። ጥቅልሉን ብል እንዳይበላው በመጸው ሲያናፍሱ እያገዘቻቸው፣ ኬይቾ የተባለው ዘመን የታወጀው በዚያው ዓመት በአሥረኛው ወር መሆኑን ነገረቻቸው። በሦስተኛው ወር ያን ስም ሊጽፍ የሚችል ሰው አልነበረም። እሳቸው ግን መጀመሪያ የጠረጠሩት እሷን ነበር።

«አንቺ ልጅ፣ ካጂኪዎች ሻይ አጠጥተው ነው የላኩሽ?»

«አጎቴ፣ እነሱ ቢልኩኝማ የተሻለ ውሸት ያስይዙኝ ነበር።»

ቀጥለው የገዛ አባታቸውን ጠረጠሩ። የቤተሰቡን ደብዳቤዎች አውጥተው የእጅ ጽሑፉን በማጉያ መነጽር ሲያስተያዩ ከረሙ፤ የአባታቸው ግን አልነበረም። ናሪካዙ የሚረከቡበት ጊዜ ደርሶ ስለነበር፣ ልጃቸውን በሐሰት ላይ በደም ማስማል ከበዳቸው።

በ2001 ጥቅልሉን ይዘው ወደ ካጂኪው መምህር ወደ አቶ ዮኩራ ቤት ሄዱ። አቶ ዮኩራም በር ላይ አቁመው ምን ሊሰርቁ እንደመጡ ጠየቋቸው፤ በኋላ ግን አስገብተው የራሳቸውን ጥቅልል አወጡ። ሁለቱ ጥቅልሎች ጎን ለጎን ሲዘረጉ፣ የካጂኪው ፈቃዱን የሰጡት ካጂኪዎች ራሳቸው ናቸው ይላል፤ ዘመኑ ያው፣ ወሩም ያው ነው። የእጅ ጽሑፉም የአንድ ሰው ሆኖ ተገኘ። አንድ ጸሐፊ ለሁለቱም ደስ የሚላቸውን ጽፎላቸው ኖሯል። አቶ ዮኩራም፣ «እንግዲህ የጋራችን የሆነ አንድ ሰው አገኘን» አሉ።

አቶ ቴሩኖሪ አዲስ ጥቅልል በእጃቸው ጻፉ፦ «እኔን ያስተማረኝ አባቴ ሙኔካትሱ ነው። ከእሱ በላይ ያለውን አላየሁም።» አሥራ አንድ ተማሪዎች ጥለዋቸው ሄዱ። ናሪካዙም ሥር በሌለው ጥቅልል አልምልም ብለው ለአሥራ ሰባት ዓመት ሳይረከቡ ቆዩ።

አቶ ቴሩኖሪ በጉበት ሕመም ሲታከሙ ቆይተው፣ የሐኪሙንም ቃል በሌላ ሐኪም ካስመረመሩ በኋላ፣ መጋቢት 4 ቀን 2019 እ.ኤ.አ. ዐረፉ። ከማረፋቸው ሁለት ቀን በፊት ናሪካዙ አልጋቸው አጠገብ ተንበርክከው፣ «እኔን ያስተማረኝ አባቴ ቴሩኖሪ ነው፤ ይህን አይቻለሁ» ብለው ጻፉና በደም አሻራቸው ማሉ። አባታቸው አሻራው መድረቁን በጣታቸው ነክተው ካረጋገጡ በኋላ ጥቅልሉን ለቀቁላቸው።

ባለቤታቸው፣ ሁለት ልጆቻቸውና አራት የልጅ ልጆቻቸው ከኋላቸው ቀርተዋል። ነፍሳቸውን ቡድሃ በንጹሕ ምድር ይቀበልልን፤ በዚያም ያለ ጥርጣሬ ይረፉ።