ሃያ ስምንት ፊደል

ሐሙስ፣ ጥቅምት 4 ቀን 2008

ጠዋት የግቢውን በር ማጠፊያ ዘይት ቀባሁ። ዝንጀሮው ዛሬም ማንጎው ላይ ወጥቶ ነበር፤ ባዩሽ በድንጋይ አባረረችው። ሚስቴ ከእኔ ይልቅ ታነጣጥራለች። "ከተማሪዎችህ የባሰ ነው" አለችኝ።

ከሰዓት በኋላ ሁስና መጣች። የሲቀላ ሰፈሩ ባለሱቅ የጀማል ልጅ። አራተኛ ክፍል ያስተማርኋት... አሁን ከዩኒቨርሲቲ በኮምፒዩተር ተመርቃለች። በስልክና በታብሌት የሚከፈት የልጆች ማንበቢያ እየሠራች ነው። አፕ ይሉታል። አንድ የንባብ ፕሮጀክት ለአሥራ ሁለት ትምህርት ቤቶች የሚሆን አፕ ሊመርጥ ኮሚቴ አቋቁሟል። ከተመረጠች እዚሁ አርባ ምንጭ ትንሽ ቢሮ ትከፍታለች። ካልተመረጠች አባቷ አዲስ አበባ ወዳለው የአጎቷ ሱቅ ይልካታል። እንዲህ ተስማምተዋል።

"ቲቸር፣ እነዚያ በስቴንስል ያባዙልን የነበሩት ምንባቦች አሉ?"

አሉ እንጂ። ሠላሳ ስድስት ናቸው። በተራ ቁጥራቸው ተቀምጠዋል።

"ይጻፉልኝ። አሮጌ ላፕቶፕ አመጣልዎታለሁ።"

እሺ አልሁ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ እንዲህ ደስ ያለኝ ቀን የለም።

እሑድ፣ ጥቅምት 14

ምንባብ አምስት ላይ ደረስሁ። የምሠራው በታይፕራይተር እንደለመድሁት ነው። አንድ መስመር ሃያ ስምንት ፊደል፣ ክፍት ቦታው ተቆጥሮ። ለአራተኛ ክፍል ልጅ ዓይን ከዚህ መርዘም የለበትም። ሃያ ስምንት ሲሞላ ኢንተር ተጭኜ ወደ አዲስ መስመር። ካልሞላ በቃላቱ መካከል ስፔስ እየጨመርሁ እሞላዋለሁ። የቀኙ ጠርዝ ግን ትንሽ ይወላገዳል... ለምን? ሁስናን ጠየቅኋት። ኮምፒዩተር ላይ እያንዳንዱ ፊደል የራሱ ስፋት አለው አለችኝ። "ጠ እና ር እኩል ቦታ አይዙም።" ታይፕራይተሩ ለሁሉም እኩል ነበር የሚሰጠው።

"ደግሞ ቲቸር፣ ኢንተር የሚጫኑት አንቀጽ ሲያልቅ ብቻ ነው። መስመሩን የሚቆርጠው ስልኩ ነው።"

"ስልኩ የት መቁረጥ እንዳለበት ማን አስተማረው?"

"እኔ ነኛ!"

ሳቅን። ሻይዋን ጠጥታ ሄደች። መቁጠሬን ግን አልተውሁም። ሠላሳ አራት ዓመት የሠራሁበትን?

ሐሙስ፣ ኅዳር 9

ሁስና ሥራዋን አሳየችኝ። እንደ ሏ እና ቷ ያሉት ፊደላት እግራቸው እየተቆረጠ አስቸግሯት ነበር። በመስመርና በመስመር መካከል ያለውን ቦታ እንደገና ለክታ አስተካከለችው። ለዚህ ብቻ ሦስት ቀን። እኔ እንኳ መነጽሬን ባላደርግ ልዩነቱን አላየውም ነበር። "ትልቅ ፊደል" የሚል ቁልፍም አለ፤ ዓይኑ ለደከመ ሰው።

እንዲህ የምትጠነቀቅ ልጅ ብዙ አላስተማርሁም... አልነገርኋትም። ፊት ለፊት የተመሰገነ ተማሪ ይዘናጋል ብዬ። አሁን ተማሪዬ ናት እንዴ?

ሰኞ፣ ኅዳር 27

ሠላሳ ስድስቱም አለቁ። በፍላሽ ሰጠኋት። ከፍታ አላየችውም። "ከእርስዎ የመጣ አይታረምም" አለች። ደስ አለኝ።

አርብ፣ ታኅሣሥ 8

የኮሚቴው ስብሰባ ነበር። አሥራ አንድ ሰው። ሰብሳቢው አቶ አለምሰገድ እኔንም የምንባቦቹ ጸሐፊ ነህ ብሎ አስጠራኝ።

ሁስና በታብሌት አሳየች። አማረ። መስመሩ ቀጥ፣ ፊደሉ ጥርት... ልቤ ሞላ። ከዚያ ኦይታ የሚባል ከገረሴ የመጣ መምህር ተነሣ።

"ታብሌቱ እስኪደርስልን ልጆቹ የሚያነቡት በእኛ ስልክ ነው። እስቲ በእኔ ልየው።"

ጫነችለት። ትንሽ ስልክ ናት፣ መስተዋቷ የተሰነጠቀ። ከፈተ፣ አየ፣ ለጎረቤቱ ሰጠ። ስልኳ ከእጅ ወደ እጅ ዞራ እኔ ዘንድ ደረሰች። ምንባብ አንድ... የራሴ ምንባብ። አንድ ረጅም መስመር፣ ከሥሩ አንድ ጉራጅ ቃል። ሌላ ረጅም መስመር፣ ሌላ ጉራጅ። በየመካከሉ ያለ ቦታው የተከፈተ ባዶ።

"ጥርሱ የወለቀ ሽማግሌ መሰለኝ እኮ" አለ ኦይታ። ሰው ሳቀ።

አቶ አለምሰገድ አልሳቀም። "ችግሩ የጽሑፉ ነው ወይስ የፕሮግራሙ?"

ሁስና ወደ እኔ አየች። አንድ ጊዜ ብቻ።

ተነሣሁ። "እኔ ያስረከብሁት ንጹሕ ጽሑፍ ነው። ፊደል በፊደል ቆጥሬ። ከዚያ በኋላ በተሠራው ላይ ጥንቃቄ ጎድሏል" አልሁ።

አንገቷን ደፋች። ጥፋቷን አምና ነው ዝም ያለችው ብዬ ወሰድሁት። ሰኞ ይወስናሉ።

ቅዳሜ፣ ታኅሣሥ 9

አልደወለችም። እኔም አልደወልሁ። የተናገርሁት እውነት ነው... ታዲያ ስልኩን ለምን ደጋግሜ አየዋለሁ?

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 11

ሥራውን ለሌሎች ሰጡት። ጀማልን ሲቀላ ገበያው መግቢያ ላይ አገኘሁት። እጄን በሁለት እጁ ያዘ።

"ቲቸር፣ ኮሚቴው ያለውን እኔ ከቁም ነገር አልጽፈውም። እርስዎ ጥንቃቄ ጎድሏል ካሉ ግን ጎድሏል። ወላሂ አፍሬአለሁ። አጎቷ ዘንድ ትሂድ፣ ሥራ ትልመድ።"

"ጎበዝ ልጅ ናት እኮ" አልሁት።

"ጎበዝ ብትሆንማ እርስዎን አታሳፍርም ነበር።"

ሌላ ምን ማለት ነበረብኝ?

ማክሰኞ፣ ታኅሣሥ 19

ባዩሽ ስልኳን ይዛ መጣች። ሁስና ከስብሰባው በፊት አፑን ጭናላት ነበር። ስለ ጫሞ ሐይቅ ዓሣ አጥማጆች የጻፍሁትን ልታነብ "ትልቅ ፊደል" የሚለውን ተጭናለች።

"አንተ፣ ጽሑፍህን አይጥ በልቶታል እንዴ?"

ያው ነው። ረጅም፣ ጉራጅ፣ ረጅም፣ ጉራጅ። ወረቀት አመጣሁ። እንዲሁ ማየት አይበቃም፣ መቁጠር አለብኝ አልሁ። ረጅሙን ቆጠርሁ፣ ክፍት ቦታውን ጨምሬ፦ ሃያ አንድ። ጉራጁ፦ ሰባት። ቀጣዩ ረጅም አሥራ ዘጠኝ፣ ጉራጁ ዘጠኝ። ቀጣዩ ሃያ ሦስት፣ ጉራጁ አምስት።

አራተኛውን መቁጠር አላስፈለገኝም። ቆጠርሁት ግን።

ሃያ ስምንት።

ይህን ቁጥር ሁስና አታውቀውም። ስልኩም አያውቀውም። የእኔ ነው።

ከዚያ የአጠቃቀም መመሪያውን ገጽ ከፈትሁ። እሱን የጻፈችው ሁስና ራሷ ናት። ፊደሉን አተለቅሁ፣ አሳነስሁ፣ ስልኩን አጋደምሁ። መስመሮቹ እንደ ቦታው ስፋት ራሳቸውን እያስተካከሉ ሄዱ። አንድም ጉራጅ የለም። ስልኩ ቃሉን ይለካል፣ ቦታ ካልበቃው ወደ ታች ያወርዳል፤ ይኸው ነው ሥራው። የእኔን ምንባብ ሲያገኝ ግን ሁለት ጌታ ሆነበት። እሱ ሃያ አንድ ላይ በቦታ ጥበት ይቆርጣል፣ እኔ ሃያ ስምንት ላይ በኢንተር እቆርጣለሁ። ታብሌቱ ሰፊ ስለሆነ ነው ያልታየው።

ነግራኝ ነበር። ጥቅምት 14 በራሴ እጅ ጽፌዋለሁ። አሁን መልሼ አነበብሁት።

ባዩሽ "ምን ሆንህ?" አለች። ነገርኋት።

"ታዲያ ምን ትቀመጣለህ?"

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 20

ሱቁ ሲከፈት ደረስሁ። ጀማል ስኳር ይመዝን ነበር።

"ሁስና አለች?"

"ሰኞ በአውቶቡስ ሄደች።"

እዚያው ቆሜ ነገርሁት። ጥፋቱ የእኔ ነው አልሁ። አንድም የሷ የለበትም። እንዴት እንደሆነ ለማስረዳት ወረቀት አውጥቼ መስመር ጻፍሁለት፣ የት እንደተቆረጠ አሳየሁት። ወረቀቱን አላየም። እኔን ነው ያየኝ።

"ቲቸር... ልጄን ሦስት ቀን አላናገርኳትም። ስንቅ ስትይዝ አላናገርኳትም። መናኸሪያ የሸኛት ወንድሟ ሂሻም ነው።"

ሌላ ክፉ ቃል አልተናገረኝም። ቢናገረኝ ይሻል ነበር። ስልክ ቁጥሯን ጽፎ ሰጠኝና ወደ ሚዛኑ ተመለሰ።

ከቤት ደወልሁ። ከኋላዋ የመኪና ጩኸት ይሰማል።

"ሁስና፣ ያን ቀን አውቀሽ ነበር?"

"የኦይታን ስልክ እንዳየሁ ነው ያወቅኩት።"

"ታዲያ ለምን አልተናገርሽም?"

"ቲቸር! በሰው ፊት እርስዎን ላርም?"

"ሥራሽ አይደለም እንዴ?"

"አንዴ አርሜዎት ነበር። አራተኛ ክፍል። ሰሌዳው ላይ የጻፉት ድምር ተሳስቶ እጄን አወጣሁ። እስኪደወል አቆሙኝ። ትዝ አይልዎትም?"

ትዝ አይለኝም። እንዴት ትዝ አይለኝም?

"ልክ ነበርሽ?"

"ልክ ነበርኩ" አለች። ትንሽ ሳቀች ደግሞ።

"አሁን ምንባቦቹን ለማስተካከል ስንት ጊዜ ይፈጃል? እኔ አንድ በአንድ ልንቀለው..."

"ኧረ አይልፉ ቲቸር። አጭር ኮድ ጽፌ የተረፈውን ኢንተርና ስፔስ አወጣዋለሁ። አሥር ደቂቃ ነው።"

አሥር ደቂቃ። ኮሚቴው ፊት የተናገርሁት ደግሞ ስንት ደቂቃ ፈጀ? ግማሽ እንኳ አይሞላም።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 28

ለኮሚቴው ደብዳቤ ጻፍሁ። ሦስት ጊዜ ቀደድሁት። እያንዳንዱ ውስጥ ራሴን የሚያድን አንድ ዓረፍተ ነገር አገኘሁበት። "ለኮምፒዩተር አዲስ በመሆኔ..." "በቅን ልቦና..." ደብዳቤ አይሆንም። የተናገርሁት ቆሜ ነው፤ የማርመውም ቆሜ ነው።

አርብ፣ ጥር 6

ኮሚቴው ዛሬ ይሰበሰባል ሲሉኝ ሄድሁ። አቶ አለምሰገድ በር ላይ ተቀበለኝ።

"ጋሽ ጥዑመልሳን፣ ነገሩ አልቋል። የተመረጡት ፈርመዋል፣ ሥራም ጀምረዋል። አሁን ምን ያደርጋል?"

"ውሳኔ እንድትቀይሩ አይደለም። አምስት ደቂቃ ስጡኝ።"

ገባሁ። ያው አዳራሽ፣ ሰዎቹም ያው። ታኅሣሥ 8 ጥንቃቄ የጎደለው እኔ ነኝ አልሁ። ልጅቱ ቀድማ አስጠንቅቃኝ ነበር፣ አልሰማኋትም። መጠየቅ ሲገባኝ በሰው ፊት ወነጀልኋት። ስሟ እዚህ ቤት ጎድፎ እንዲቀር አልፈልግም አልሁ። ሠላሳ አራት ዓመት ሰው ፊት ቆሜ ተሳስቻለሁ ብዬ አላውቅም።

አቶ አለምሰገድ "እናመሰግናለን" ብሎ ወደ አጀንዳው አለፈ።

ኦይታ ተከትሎኝ ወጣ። "ጋሼ፣ ያን ቀን መቀለድ አልነበረብኝም" አለ።

"አንተማ ያየኸውን ነው የተናገርኸው።"

"አፑ እስካሁን ስልኬ ላይ አለ። አዲሱን ትላክልኝ። ኮሚቴ ባይመርጠው ምናለ፣ ክፍሌ ውስጥ የሚያዘኝ ማን ነው?"

ከአሥራ ሁለት ትምህርት ቤት አንድ ክፍል። ለሁስና ደውዬ ነገርኋት። "አንድም አንድ ነው" አለች። ድምጿ ግን ቀዝቅዟል። ወይስ ደክሟት ነው? ቀኑን ሙሉ ቆማ ነው የምትውለው።

ቅዳሜ፣ ጥር 28

ጀማል ዛሬ ሰላም አለኝ። ሰላም ማለቱን ትቶ አያውቅም፤ ዛሬ ግን ሻይ ጋበዘኝ። "ተመለሺ ብያት ነበር" አለ። "እምቢ አለች። ሥራ ለምጃለሁ አለችኝ። እኔው ነኝ ሥራ ልመጂ ያልኳት።"



ሰኞ፣ የካቲት 21

ሁስና አትመለስም። አሁን እርግጥ ሆኗል። ቀን አጎቷ ሱቅ ትሠራለች፣ እሑድ እሑድ አፑን። የኦይታ ክፍል ልጆች ሠላሳ ስድስቱን ጨርሰው ሌላ ጠይቀዋል። "ቲቸር፣ ሠላሳ ሰባተኛ ይጻፉልን" ብላ ባለፈው ሳምንት ላከችብኝ። ስለ ጨንቻ ሸማኔዎች ጻፍሁ። ፊደል አልቆጠርሁም። ጣቴ ወደ ኢንተር ሲሄድ ስንት ጊዜ መለስሁት... ላክሁላት።

ዛሬ ጠዋት መልእክት መጣ። ሰላምታ የለውም።

"ቲቸር፣ ሦስተኛው አንቀጽ ውስጥ አሁንም ሁለት ቦታ ቆርጠዋል። አራተኛው ደግሞ ተደጋጋሚ ነው፣ ልጆቹ ይሰለቻሉ። ያርሙና መልሰው ይላኩልኝ።"

ሁለት ጊዜ አነበብሁት። በኮዷ ልታወጣው ትችል ነበር። አላወጣችውም፤ ለእኔ መለሰችው።

ልክ ናት። ሦስተኛው ውስጥ ሁለት ነው፣ ቆጠርሁት። አራተኛውን አንቀጽ ደግሞ ወድጄው ነበር... እንዳለ አጠፋሁት። ከሰዓት በኋላ መልሼ ላክሁ።

እስካሁን መልስ አልመጣም። ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አድርጌ እየጠበቅሁ ነው።