ኔትል ጉድጓድ የገባች ሰሞን

ረቡዕ፣ ኤፕሪል 9፣ 1958

ዝናብ። ሁለት በጎች ወለዱ፣ አንዷ መንታ። ከሰዓት በኋላ በምሥራቅ በኩል የተናደውን ካብ መለስኩ። ኢዲት ልብስ ልታሰጣ ወጥታ ቆማ አየችኝና፣ "ቤተ መንግሥት ነው የምትሠራው?" አለች። "በግ እንዳይወጣ ነው።" "በጉስ ያደንቅልሃል?" ሚስቴ ስለ ጥበብ የምታውቀው ነገር የለም። ራት፦ የበግ ሥጋና ድንች። እንደ ትናንቱ። እንደ ነገውም።

ሐሙስ፣ ኤፕሪል 10

ጠዋት አንድ ግልገል የለም። ጭቃው ላይ የቀበሮ ዱካ። በሳምንት ሦስተኛ መሆኑ ነው።

ማምሻውን መጠጥ ቤት ጎራ አልኩ። ባልሄድ ኖሮ... ላንቲ ገና ከበሩ ሳልገባ ጀመረኝ። ሠላሳ ዓመት የጎረቤትነት ግዴታውን አንድ ቀን ሳያጓድል ሲለክፈኝ የኖረ ሰው ነው።

"ቀበሮዋ ግልገልህን በላች አሉ። አንተስ ምን በላህ?"
"ቅዳሜ ወጥቼ ጭራዋን ይዤልህ እመጣለሁ።"
"ከማን ጋር?"
"ብቻዬን።"

እዚህ አገር ውሻ ይዞ ወደ ቀበሮ ጉድጓድ ብቻውን የሚወጣ የለም። ሕግ አይደለም፣ የተጻፈም ነገር የለም፤ ግን አንዱ ውሻውን ያስገባል፣ ሌላው መውጫውን ይጠብቃል። አያቶቻችንም እንዲህ ነበሩ። ምን ነካኝ? ሦስተኛው ብርጭቆ ነው የተናገረው። እኔ አጠገቡ ነበርኩ እንጂ አላልኩም።

ዓርብ፣ ኤፕሪል 11

ችግር አለ። ውሻዬ ራግስ ጀግና ነው፣ ዶሮ ላይ። ቀበሮ ግን በአካል አይቶ አያውቅም። ስለዚህ ሽማግሌው አይዛክ ጋ ሄድኩ፤ ውሻቸውን ኔትልን እንዲያውሱኝ። በሸለቆው ውስጥ እንደሷ ያለ ቴሪየር፣ ጉድጓድ ገቢ አዳኝ ውሻ፣ የለም። አጭር እግር፣ ጠባብ ደረት፣ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ድንጋይ ሥር ገብታ ቀበሮ ሳታስወጣ የቀረችበት ቀን የለም።

አይዛክ እግራቸውን ከሰበሩ ወዲህ መስኮቱ አጠገብ ነው የሚውሉት። እሷም እግራቸው ሥር። ሚስታቸው ከሞቱ በኋላ እዚያ ቤት ውስጥ ከሁለቱ በቀር የሚተነፍስ የለም።

"ከማን ጋር ነው የምትወጣው?"
"ከላንቲ ጋር።"

ዓይኔን ሳላሽ። እንዴት ቀለለኝ...

"ጥሩ። አንድ ነገር ልንገርህ። ቀዳዳ እንዳትደፍንባት። በገባችበት አትወጣም፣ ሁልጊዜ በታች ነው የምትወጣው። ከደፈንክባት አለቀላት።"
"ኧረ አይዛክ፣ ይሄ ለኔ ይነገራል?"
"ላንተም ለሌላውም ነው የምናገረው።"

ከዚያ ጎንበስ ብለው ጆሮዋን አሹላት። "ለራት ድረሺ፣ እሺ?" አሏት። ለሷ ነው፤ ለኔ አይደለም። እኔን አልጋበዙም።

ቅዳሜ፣ ኤፕሪል 12

ሁሉንም ልጻፈው። ለማንም አልነገርኩም፣ ለደብተሩ ልንገር።

ጎህ ሲቀድ ወጣሁ። ዳቦ፣ አይብ፣ ፔርሙዝ ሻይ፣ አንድ ከረጢት ለጭራዋ። (ለጭራ ብቻ ያን የሚያህል ከረጢት! ምን ልከትበት ኖሯል?) ተራራው አናት ላይ እዚህም እዚያም በረዶ አልሟሟም። ኔትል ከፊት፣ ራግስ ከኋላ፣ ክቡርነቴ በመሐል። እንዲህ ያማረ ሰልፍ ያ ተራራ አይቶ አያውቅም።

ዱካው የአሮጊት ክምር የሚባለው ቦታ አደረሰን። ከገደሉ ሥር የተከመረ የቋጥኝ ናዳ ነው፤ ቤት የሚያካክል ድንጋይ በድንጋይ ላይ። ሦስት አፍ አለው፤ አንዱ ከመሐል፣ አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች። የኔትል ገላ መንቀጥቀጥ ጀመረ። መጀመሪያ ራግስን አስገባሁት፣ ልምድ እንዲቀስም። ቀሰመ። እስከ ሃያ ሳልቆጥር አፍንጫው ደምቶ ወጣ፣ ከኋላዬ ተቀመጠና አገሩን ይመለከት ጀመር፤ ለጉብኝት የመጣ ይመስል።

ኔትል በመሐሉ አፍ ገባች። አልተጣደፈችም። ትንሽ ቆይቶ ከሥሬ ጩኸቷ ተሰማኝ፤ ወፍራም፣ አንድ ዓይነት፣ የማያቋርጥ። አገኘቻት። ደስ አይልም? ደስ አለኝ። እሱ ነው የሚያሳፍረው።

ከዚያ ድምፁ ወደ ታች መውረድ ጀመረ። ቀበሮዋ በታችኛው አፍ ልታመልጥ ነው ብዬ አሰብኩ። እኔ አንድ፣ አፉ ሦስት። ሌላ ሰው ቢኖር እዚያ ይቆም ነበር። ሌላ ሰው የለም። የላንቲ ፊት ታየኝ፣ ያ ፈገግታው... ከላይ ቆሜ ልጠብቃት፣ ታችኛውን ልዝጋው አልኩ። ለአፍታ ብቻ።

ደፈንኩት።

ደግሞ ሌላ ሰው ቢሆን ሁለት ቋጥኝ ወርውሮ ይሄድ ነበር። እኔ እንደዚያ አልችልም! እጄ እምቢ አለኝ። ከሥር ሰፊውን ድንጋይ አስቀመጥኩ፣ በላዩ መጋጠሚያውን አፈራረቅሁ፣ ሆዱን በጠጠር ጠቀጠቅሁ፣ ከዳር እስከ ዳር የሚይዝ ረዥም ድንጋይ ፈልጌ ጣልኩበት። ግማሽ ሰዓት ሳይፈጅብኝ አልቀረም። ስጨርስ ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ሸሽቼ፣ አንገቴን ዘንበል አድርጌ አየሁት።

በዚያ ሰዓት ነው ቀበሮዋ በላይኛው አፍ የወጣችው። ቆመች። እኔን አየች፣ ሥራዬን አየች። ከዚያ ያለ ምንም ችኮላ ሽቅብ ሄደች። ራግስም አይቷታል። ሁለታችንም ምንም አላልንም።

ኔትልን ተጣራሁ። በመሐሉ አፍ አልመጣችም። ልክ እንደተባለው ወደ ታች ሄዳለች፤ ከካቤ ጀርባ ትቧጭራለች። ልከፍት ቸኩዬ ከላይ በኩል በዱላዬ አንድ ድንጋይ ፈነቀልኩ፣ በዚያ ልደርስባት... ናዳው ተንሸራተተ። በር የሚያክል ጠፍጣፋ ቋጥኝ ወርዶ ካቡ ፊት ተጋደመ። ገፋሁ። በትከሻ፣ በጀርባ፣ ቀበቶ አስሬ። ፍንክች የለም። የመሐሉና የላይኛው አፍም ተደርምሰዋል። መቧጨሩ ትንሽ ቆይቶ ቀረ።

ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ወረድኩ። የአይዛክ መስኮት መብራት በርቶበታል፣ የራት ሰዓት ነው። በጓሮ በኩል ዞሬ ሄድኩ።

እሑድ፣ ኤፕሪል 13

ከቤተ ክርስቲያን ደጅ ላይ ላንቲ፣ "ጭራው የታለ?" አለኝ። "ስላመመኝ አልወጣሁም" አልኩት። የዋሸሁት ቅዳሴው ገና ሳያልቅ ነበር... አልቆ ነበር? ምን ለውጥ አለው።

ዲጂኖ ይዤ ብቻዬን ወጣሁ። ቋጥኙ በጣት ውፍረት ተነቃነቀ። ተጣራሁ። አንዴ ጮኸች፣ ቀጭን። በሕይወት አለች። ደስ ሊለኝ ሲገባ ተቀምጬ...

ስመለስ ኢዲት በር ላይ ናት።

"አይዛክ ልከውብኝ ነበር። ውሻዬ ላንቲ ጋ አደረች ወይ ብለው። ላንቲ ደግሞ አመመኝ ብለሃል ይላል። ኖብል፣ ያቺ ውሻ የት ናት?"
"ክምሩ ውስጥ።"
"ከመቼ ጀምሮ?"
"ከትናንት።"

ገና የሰቀልኩትን ኮቴን አውርዳ ሰጠችኝ።

ላንቲ ቤት ሄጄ፣ "ውሻ ድንጋይ ሥር ቀርታለች" አልኩ። በኛ ሸለቆ ይህ ከተባለ ሰው የያዘውን ጥሎ ይወጣል፣ ሠርግ ላይም ቢሆን። ሲስቅብኝ ጠብቄ ነበር። ባርኔጣውን አንስቶ ሌሎቹን ሊጠራ ወጣ። ምነው በሳቀ።

ከዚያ አይዛክ።

"ከላንቲ ጋር አልነበርክም።"
"አልነበርኩም።"
"ቀዳዳ ደፍነሃል?"
"አይ።"

ሁለት ፊደል ናት። ላወጣት ፈልጌ አልነበረም፣ ቀድማኝ ወጣች።

ሰኞ፣ ኤፕሪል 14

ሠላሳ አራት ሰው። በበግ መውለጃ ወራት! በየቤቱ ምጥ ላይ ያለች በግ ትተው መጡ። ቄሱም ዶማ ይዘው መጥተዋል፤ አያያዛቸው ግን የጸሎት መጽሐፍ ነው።

"የት ጋ እንቆፍር?" አሉኝ።

ልብ በል፣ አንተ ሰው። እዚህ አገር ካብ እንደ እጅ ጽሑፍ ነው። ሰው በመንገድ ሲያልፍ ካቡን አይቶ፣ "ይህ የእገሌ ነው" ይላል። ያ ቋጥኝ ከተነሳ የኔን እጅ ከሠላሳ አራቱ አንድም የማያውቀው የለም። ስሜን ብጽፍበት ይሻል ነበር።

ወደ መሐሉ አፍ አመለከትኩ። "እዚህ ነው የገባችው።" እሱስ እውነት ነው።

ላንቲ፣ "ታችኛውስ? ኔትል በታች ነው የምትወጣው" አለ።
"ናዳ ወርዶበታል። በዚያ ልትሆን አትችልም።"

ቀኑን ሙሉ ቆፈሩ። ድንጋይ ከእጅ ወደ እጅ። አሥር ሰዓት ላይ አንድ ቋጥኝ ተንከባለለና የላንቲን ጣት ጨፈለቀው። ተሳደበ፣ በመሐረብ ጠቀለለው፣ ወደ ሰልፉ ተመለሰ። እኔ ባመለከትኩት ቦታ! ኢዲት ሻይ ስታዞር እኔ ጋ የደረሰችው ከሁሉም በኋላ ነው። ስኒውን ስትሰጠኝ ዓይን ዓይኔን አየች። አውቃለች? ማወቅ አይደለም፣ ታውቀኛለች።

ከታች ምንም ድምፅ የለም። ሦስቴ ጆሮዬን ቋጥኙ ላይ አደረግሁ፣ የጫማ ማሰሪያ የማስር መስዬ።

ማክሰኞ፣ ኤፕሪል 15

ጠዋት አይዛክን የድርቆሽ መጎተቻው ላይ አስቀምጠው፣ በትራክተር እየጎተቱ አመጧቸው። ክራንቻቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ ብርድ ልብስ ተደርቦላቸው ተቀመጡ። ማንንም አላዋከቡም። ያዳምጣሉ ብቻ።

እኩለ ቀን ላይ ላንቲ ጎንበስ አለላቸው። "አይዛክ፣ ከሥሩ አለት ጋ ደርሰናል። የለችም።"

ሽማግሌው፣ "እሺ ልጆቼ። በቃችሁ" አሉ። "በጎቻችሁ እየወለዱ ነው፣ ሂዱ። እግዜር ይስጥልኝ።"

ሰዉ ዕቃውን መሰብሰብ ጀመረ። አካፋ ከአካፋ ሲጋጭ ይሰማኛል። አንድ ደቂቃ ዝም ብል ሁሉም ይወርዳል፣ እኔም እወርዳለሁ፣ ማንም አያውቅም። ይህን አሰብኩ። አሰብኩት፣ እዚህ ይጻፍ። አይዛክ ኮታቸውን ሲቆልፉ እጃቸው ቁልፉን አላገኘውም።

"ከታች ናት" አልኩ።
ላንቲ ዞረ። "እንዴት አወቅህ?"
"ደፍኜዋለሁ።"

ወደ አይዛክ ቀና ብዬ አላየሁም።

ስምንት ሰው በስምንት ዲጂኖ ቋጥኙን ገለበጡት። ካቡ ብቅ አለ። ጸዳ ያለ፣ ቀጥ ያለ፣ መጋጠሚያው የተፈራረቀ፣ ያ ረዥም ድንጋይ በመሐሉ... አንድ ጠጠር አልተነቃነቀም። ሠላሳ አራት ሰው ቆሞ ያየዋል። ከሁሉ የባሰው ምን እንደነበር ልጻፍ? ለቅጽበት፣ ለአንዲት ቅጽበት፣ ኮራሁ።

"ዳሩን ሳይቀር አስተካክሎታል" አለ ላንቲ፣ በቀስታ።

አይዛክ ክራንቻቸውን ተደግፈው ቀረብ አሉ። ከላይ እስከ ታች አዩት።

"ጥሩ ካብ ነው" አሉ።



በእጄ አፈረስኩት። ማንም አላገዘኝም፣ እንዲያግዙኝም አልጠየቅሁም። ጥሩ ካብ ማፍረስ ጊዜ ይወስዳል። ከመጨረሻው ድንጋይ ኋላ አፍንጫዋ ነበር፣ ድንጋዩ ላይ ተደግፎ። ጥፍሮቿ አልቀዋል። ዓይኗ ክፍት ነው። ላንቲ በቆቡ ውሃ አቀረበላት፣ ላሰች። አይዛክ ኮታቸው ውስጥ ከተቷት፣ ቆለፉባት። ወረዱ።

ረቡዕ፣ ኤፕሪል 16

ቀበሮዋ ሌላ ግልገል ወሰደች። የኔን። ከሰው ጋር አልተነጋገርኩም።

እሑድ፣ ኤፕሪል 20

መጠጥ ቤት ሄድኩ። የመጣው ይምጣ፣ ልሰደብ፣ ልዘለፍ ብዬ። ቦታ ለቀቁልኝ። ላንቲ የታሰረ ጣቱን እንደያዘ ብድግ ብሎ፣ "እንደምን አመሹ፣ አቶ ዳከር" አለኝ።

አቶ ዳከር... በሠላሳ ዓመት አንድ ቀን እንዲህ ብሎኝ አያውቅም። ብርጭቆዬን ሳልጨርስ ወጣሁ።

ቅዳሜ፣ ሜይ 3

አይዛክ ላኩብኝ። የጓሯቸው ካብ ሰባት እርምጃ ያህል ወድቋል። ለመሆኑ የክረምቱ ውርጭ ነው የጣለው ወይስ ሆን ተብሎ... አልጠየቅሁም። ከማለዳ ጀምሬ ካብኩ። እሳቸው ወንበር አስወጥተው ተቀምጠው ያያሉ፤ ኔትል ከወንበሩ ሥር። ስለዚያ ነገር አንድ ቃል አልተነሳም። ምሳ ሰዓት ላይ ዳቦና አይብ አምጥተው ካቡ ላይ አስቀመጡ። ብላ አላሉኝም። በላሁ።

ወደ ማታ ሊያልቅ ሲል ክራንቻቸውን ወደ ሥሩ ቀሰሩ።

"እዚያ ጋ ቀዳዳ ተው።"
"ለውሃ?"
"ለውሻ።"

ሦስት መደዳ አፈረስኩ። ሁለት ስንዝር ስፋት ተውኩ፣ ከላይ ጠንካራ ድንጋይ ጋደምኩበት። እንዳይንሸራተት ሁለቴ ረግጬ አየሁት። እንደዚያ ተጠንቅቄ የሠራሁት ነገር የለም።

ራግስ ወዲያው ሾልኮ ወጣ፣ ተመለሰ፣ ደግሞ ወጣ። ኀፍረት የሚባል አልፈጠረበትም። ኔትል ከወንበሩ ሥር ተነሳች። እያነከሰች ቀዳዳው ጋ መጣች። አሸተተችው። ቀና ብላ እኔን አየች። ከዚያ ዞረች፣ ካቡን ይዛ ጥግ ጥጉን፣ ዙሪያውን ሁሉ ሄዳ የግቢው በር ጋ ቆመች።

ልከፍትላት ተነሳሁ።

"ተቀመጥ" አሉኝ አይዛክ።

ክራንቻቸውን ሰብስበው ተነሡ፣ በሩ ድረስ ሄዱ፣ ከፈቱላት።

ተቀመጥኩ።