ጭልጋ የነበረው ግንድ

ወዳጄ ዕንባቆም፣

በፖስት ካርዱ ፊት ያለውን ግንብ ታውቀዋለህ፤ ስለ እሱ አልጽፍልህም። ትናንት ጎንደር ውስጥ አቶ እንግዳው የሚባል ነጋዴ ቤት ተጋብዤ ነበር። ሳሎኑን የሞላው ድንጋይ ነው። ቁመቱ ሰው የሚያህል ክሪስታል አለው። መሀል ላይ ደግሞ ከዘመን ብዛት ድንጋይ የሆነ የዛፍ ግንድ ከጭልጋ አስመጥቶ አጋድሞታል። ተወልውሎ፣ ከሥሩ መብራት በርቶለት፣ የእንጨቱ ቀለበት አንድ በአንድ ይታያል። እኛ ዘንድ ቢሆን ተፈልጦ አጥር ይሆን ነበር። እንዲህ ያማረ ነገር አይቼ አላውቅም።

ራት ላይ ሳለን ካሰች የምትባል የጭልጋ ገበሬ ገባች። ግንዱ ለካ በአገሯ አስከሬን ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ የሚያርፍበት፣ ፍትሐት የሚደረስበት ነበር። የደብሩ ሰዎች ለቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ በሚሆን ቆርቆሮ ለአቶ እንግዳው ለውጠውታል።

«አያ እንግዳው፣ እናቴ በጠና ታማለች። አባትሽ ያረፈበት ላይ ሳላርፍ እንዳትቀብሩኝ ትላለች። ለቀብሯ ቀን ብቻ ያውሱኝ።»

«ቆርቆሮውንስ ለዚያ ቀን ታወርዱታላችሁ?»

«እንግዲያው እሷን እዚህ ላምጣት?»

«ምንጣፌ ላይ?» አለ። እኛ እንግዶቹ ሳቅን። ካሰች አልሳቀችም። ጎንበስ ብላ ግንዱን ተሳለመችና ወጣች። የቤቱ ሠራተኛ ጨርቅ ይዛ መጥታ የሳመችውን ቦታ ወለወለች።

ካርዱ ሞላ። ሄለንን ሰላም በልልኝ። የእናትህንም ጉልበት ሳምልኝ።

ይታየው