የሸሚዝ ቁልፍ የምታህል ናሙና

ለምወድሽ እታለም፣

እንደምን ሰነበትሽ? ጉልበትሽስ ደረጃውን እሺ አለ? ሳሉ ለቀቀሽ? እኔ መቀመጫዬ ወንበር አልይዝ ከማለቱ በቀር ደህና ነኝ።

ከእንግዲህ ወንድምሽ የፋብሪካ ባለቤት መሆኑን እወቂ። እሺ፣ የፋብሪካው ባለቤት ዶክተሯ ናቸው፤ ፋብሪካውም ለጊዜው በዳቦ ቤት ጓሮ ያለች አንዲት ክፍል ናት። ጭቃ አቡኪውና እሳት አንዳጁ ግን እኔ ነኝ። ይህንንም የምጽፍልሽ በገዛ እጄ ነው። የምታነብልሽ ልጅሽ በፊደሌ ከሳቀች፣ የማታ ትምህርት ለሷም ክፍት ነው በያት።

በዩኒቨርሲቲው እቶን የማነድላቸው ዶክተር፣ አመድና ሸክላ አዋህደው እሳት የማይደፍረው ጡብ አወጡ። የሠሩት ሁሉ ግን የሸሚዝ ቁልፍ የሚያህል ናሙና ነው። ቢያግሉት፣ ቢቀጠቅጡት ወይ ፍንክች። ጽሑፋቸው ታተመ፣ ተጨበጨበላቸው። ዳቦ ጋጋሪው መጥቶ አየና «ዶክተር፣ እኔ የምጋግረው ለጉንዳን አይደለም፤ የምድጃዬን ወለል የሚሸፍን ሥሩና እገዛለሁ» አላቸው።

ሰፊውን ብንሠራው ተሰነጠቀ። ደገምን፤ ተሰነጠቀ። ዶክተሯ «ትንሹ የሚታዘዘውን ትልቁ ለምን እንቢ ይላል?» ሲሉ፣ «እንደ ልጅ ነዋ፣ ሲያድግ መልስ ይሰጣል» አልኳቸው። ሳቁ። ኋላ ላይ ትልቁን ቸኩለን ማድረቃችንን ደረሱበት። በዝግታ የደረቀው ንጣፍ ዛሬ ጠዋት ምድጃው ውስጥ ገብቶ እየነደደበት ነው። ከያዘ፣ ሌሎቹም ጋጋሪዎች እንወስዳለን ብለዋል። ከተሰነጠቀ ግን ጋጋሪው ለሙከራ ምድጃውን ዳግም አይዘጋልንም።

እሳቸው ቢከሽፍባቸው ወደ ማስተማራቸው ይመለሳሉ። እኔን «አብረኸኝ ሥራ፤ ግን የምትለቀው ቋሚ ሥራ ነውና እህትህን አማክር» ብለውኛል። ጡረታ አለው ብለሽ ለጎረቤቱ ሁሉ ያወራሽለት ሥራ ነው። እንግዲህ ምከሪኝ፤ ቃልሽ ሳይደርሰኝ አልቆርጥም።

ገባ ወጣ ስል ጋጋሪው «አንተ ሰውዬ፣ ስላፈጠጥክበት አይበስልም፤ ወይ ተቀመጥ ወይ ዱቄት ተሸከም» አለኝ። ተሸከምኩ። አሁንም መቀመጥ አልቻልኩም፤ ይህን የምጽፈው ቆሜ ነው።

ባለቤትሽን ሰላም በይልኝ፤ ቀልዱ ናፍቆኛል፣ ማንኮራፋቱ ግን አልናፈቀኝም። ልጅሽን ጉንጯን ሳሚልኝ። አጎታችንን ከነኩርፊያቸው ጤና ይስጥልኝ በይልኝ።

እሳቱ ወጥቷል፣ ምድጃው እየበረደ ነው፤ በሩ ሊከፈት ሲል ይጠሩኛል። እታለም፣ ከጻፍኩት አንዱ ፈጠራ ነው፤ ቃልሽን እጠብቃለሁ ያልኩት። ሥራዬን ትናንት ለቅቄአለሁ። ተው እንደምትይኝ ስለማውቅ ነው ያልጠየቅኩሽ። ምድጃው ከተከፈተ በኋላ ብነግርሽ ደግሞ ውጤቱን አይቶ ነው የለቀቀው ትያለሽ።

ከዳቦ ቤቱ ጓሮ
ማክሰኞ፣ ኅዳር 12