ግቢው ላይ የተደፉት ዘይት በላተኞች

ሰኞ
አልሞቱም! ጠዋት ጀሪካኑን ከጋቢዬ ውስጥ አወጣሁት። የደባርቅ ብርድ ባክቴሪያዎቼን ይጨርስብኛል ብዬ ነበር።

ሥራዬ ባጭሩ፦ ባክቴሪያዎቹ የተቃጠለ ዘይት ይበላሉ። በዓይን የማይታይ የብረት ብናኝ ለጥፌባቸዋለሁ። በልተው ሲጨርሱ በማግኔት ሰብስቤ ሌላ ዘይት ላይ እለቃቸዋለሁ። አማካሪዬ ቅዳሜ ከጎንደር ይመጣሉ። የሚታይ ነገር ከሌለ መመረቂያዬ ለከርሞ ነው።

ብርጭቆዎቼ መንገድ ላይ ተሰባብረዋል። አከራዬ እማማ ጥሩነሽ ገንቦ አዋሱኝ።

ማክሰኞ
ከጋሽ ሰይድ ጋራዥ የሚወጣው ዘይት በቦይ ወርዶ አህዮች የሚጠጡበት ወንዝ ይገባል። ሁለት ሊትር ቀዳሁ። "ዘይት የሚበላ ካለሽ አምጪው እንጂ፣ እኔ ቤት ተርቦ አያድርም" ብለው ጋሽ ሰይድ ሳቁብኝ። ባክቴሪያዎቹን ሁሉ ለመጠባበቂያ እንኳ ሳላስቀር (ሞኝ!) ገንቦው ውስጥ ቀላቅዬ ከደንኩት።
ሽታ፦ ከባድ። ቀለም፦ ጥቁር። ተስፋ፦ መካከለኛ።

ረቡዕ
ጉድ ሆኛለሁ። ከገበያ ስመለስ ገንቦው ተደፍቶ፣ በግራዋ ታጥቦ፣ በወይራ ታጥኖ ፀሐይ ላይ ተቀምጧል። "እንግዳሽ መጥቶ እንዲህ የሸተተ ዕቃ ቢያይ፣ የሚያማው እኔን አይደል ልጄ?" አሉኝ እማማ፣ ምስጋና እየጠበቁ። አለቀስኩ። እሳቸውም ግራ ገብቷቸው አብረውኝ አለቀሱ።

ከዚያ ማግኔቱ ትዝ አለኝ። ከአሮጌ ስፒከር የፈታሁትን በፌስታል ጠቅልዬ፣ እማማ የደፉት ጥቁር ውኃ ግቢው ውስጥ የተጠራቀመበት ጭቃ ላይ ጎተትኩት። ጥቁር ፀጉር የመሰለ ነገር ይዞ ተነሳ። ችግሩ፣ የአገራችን አፈር ራሱ ብረት አለበት፤ የትኛው የኔ፣ የትኛው የግቢው እንደሆነ አይለይም። ሁሉንም፣ ከጋራዡ እንደገና የቀዳሁትን ዘይትና ውኃ በያዘ ፕላስቲክ ጠርሙስ ውስጥ ጨመርኩት። ሌላ ምን አደርጋለሁ?

ቅዳሜ
ዘይቱ ተበጣጥሷል! ሙሉ በሙሉ አይደለም፤ ዳር ዳሩን ውኃው ይታያል። አማካሪዬ ፕላስቲኩን ወደ ብርሃን አንስተው "ጎበዝ" አሉ። ዝም ብል ያልፍ ነበር። አላስቻለኝም፤ መደፋቱንም አፈሩንም ነገርኳቸው።

ፕላስቲኩን አስቀምጠው፣ "ቦዩስ አፈር አይደለም እንዴ? ከአፈር ጋር መቀላቀሉ አይከፋም። ግን ዘይቱን የበላው ያንቺ ይሁን የአፈሩ በምን አወቅሽ? ባክቴሪያሽ የሌለበት፣ አፈርና ዘይት ብቻ ያለበት ሌላ ፕላስቲክ አዘጋጂ። ሁለት ሳምንት ሰጥቼሻለሁ" አሉኝ።

አዘጋጀሁ። ሁለቱም መስኮቱ ላይ ናቸው፤ እማማ በሩቁ ይዞሯቸዋል። አፈሩ ብቻውን ከበላ የሁለት ዓመት ድካሜን ውኃ በላው። ይህንኑ ለጋሽ ሰይድ ብነግራቸው፣ "ለኔ ቦይማ ማንም ይብላው" አሉኝ። ተናደድኩ። እውነታቸውን ነው፤ አህዮቹም ቢጠየቁ ይህንኑ ነው የሚሉት። እኔ ግን የኔዎቹ እንዲሆኑ እፈልጋለሁ።